የሸሹት ዓሦች

ከቆሼ ግርጌ ካሉት የላስቲክና የቆርቆሮ ቤቶች በአንዷ ውስጥ አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር ይኖር ነበር። አያቱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ልጁ ማለዳ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጫፉ የተቆለመመ ብረቱን ይዞ ክምሩ ላይ ይወጣል። ሃይላንድ፣ ቆርቆሮ፣ የመዳብ ሽቦ፣ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ ያገኘውን ለቅሞ ይሸጣል። ሲመሽ ዳቦ ገዝቶ ይገባል። አያቱ የእግሩን ኮቴ ሲሰሙ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«ወንዙ እንዴት ዋለ?»

«ይፈሳል፣ እማማ።»

«ዓሣ አለበት?»

«የለበትም።»

እሳቸው ወደ ሰፈሩ በሙሽርነት ሲመጡ ክምሩ አልነበረም። ወንዙ ግን ነበር። ልብስ ሊያጥቡ ወርደው እጃቸውን ገና ሲያጠልቁ ከጣታቸው ሥር ሽው ብሎ የሚበተን ነገር ነበር። አያት ያንን ሽውታ አልረሱትም። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላማ ይባስ ትዝ ይላቸው ጀመር። ልጁ ማታ ማታ «የለበትም» ብሎ መመለሱ እየከበደው ሄደ።

አንድ ክረምት ዝናቡ ክምሩን አላስወጣ ሲል ልጁ ከአየር ጤና ታክሲ ተሳፍሮ በሰበታ መንገድ ሥራ ፍለጋ ሄደ። ከመንገዱ ገባ ብሎ ዓሣ የሚረባባቸው ኩሬዎች አገኘ። ጠባቂው ሽማግሌ ናቸው። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በባልዲ እያመላለሰ፣ የኩሬውን ዳር ሣር እያጨደ ወሩን ሞላ። ሽማግሌው የሥራውን ሊከፍሉት ገንዘብ ሲያወጡ፣

«አባባ፣ በብሩ ፈንታ የዓሣ ጫጩት ይስጡኝ» አላቸው።

«ምን ታደርግበታለህ?»

«ሰፈራችን ወንዝ አለ። እዚያ ልጨምራቸው።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ውሃው ያውቃቸዋል?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ ጥያቄው አልገባውም። ጫጩቶቹ አርባ ነበሩ፤ በሁለት ሃይላንድ ውሃና አየር ግማሽ በግማሽ አድርጎ ይዟቸው መጣ። ታክሲ ውስጥ ጠርሙሶቹን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ፀሐይ እንዳያገኛቸው በጃኬቱ ሸፈናቸው። ሰፈር ደርሶ ከድልድዩ ሥር ወረደ። ውሃው የጥቀርሻ ቀለም አለው፤ አረፋ ይዞ ይጎተታል። ልጁ ተንበርክኮ ቀስ ብሎ አፈሰሳቸው። ጫጩቶቹ መጀመሪያ ጠለቅ አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈቱ። ቀጥሎ አንዷ ተንጋለለች፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ሆዳቸው ወደ ሰማይ ዞሮ፣ እንደ ተፈለቀቀ ነጭ ሽንኩርት ጥቁሩ ውሃ ላይ ተበትነው ወረዱ። ልጁ እየቆጠረ ተከተላቸው። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ መቁጠሩን ተወው።

ያን ማታ አያቱ «ዓሣ አለበት?» ሲሉት ዝም አለ። እሳቸውም አልደገሙትም።

ልጁ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ዓይነት አልነበረም። «ትንንሽ ስለሆኑ ነው የሞቱት፤ ቢያድጉ ይችሉት ነበር» አለ ለራሱ። ከክምሩ ላይ አንድ ግማሽ በርሜል አገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ በአመድና በአሸዋ አሸው፤ ከቦኖ ውሃ እያመላለሰ አጠበው። ሌላ ወር ኩሬው ላይ ሠርቶ ሌላ ሃያ ጫጩት አመጣና ቤቱ ደጃፍ ላይ በርሜሉ ውስጥ አኖራቸው። የእንጀራ ፍርፋሪ ሲሰጣቸው የበርሜሉን ጠርዝ በማንኪያ ይመታል፤ ቃ፣ ቃ፣ ቃ። በሳምንቱ ማንኪያውን ሲሰሙ መውጣት ለመዱ። በወሩ ማንኪያም አላስፈለገ፤ ጥላው በርሜሉ ላይ ሲያርፍ ተግተልትለው መጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የሰፈር ልጆች ሊያዩ ይሰበሰባሉ። አያት በራፍ ላይ ተቀምጠው ውሃው ሲንቦጫረቅ እየሰሙ ፈገግ ይላሉ።

ዓሦቹ መዳፍ ሲያክሉ ልጁ በጀሪካን ተሸክሟቸው ሽቅብ ሄደ። አሁን ብልህ ሆኗል፤ ከድልድዩ ሥር አልጨመራቸውም። ቆሻሻው ከወንዙ ከሚገናኝበት በላይ፣ ውሃው ድንጋዩን በሚያሳይበት ቦታ ለቀቃቸው። አልሞቱም። ጅራታቸውን እየቆሉ ጉድባው ውስጥ ዞሩ። ልጁ እስኪጨልም ሲያያቸው ቆይቶ እየዘለለ ወደ ቤቱ ወረደ። «እማማ፣ ዓሣ አለበት!» አለ። አያት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

በማግስቱ ማለዳ ማንኪያውን ይዞ ሄደ። ጉድባው ዳር አባ ኮዳ ቆሟል። ያ ቆሼ ላይ የሚውለው መላጣ ረጅም ወፍ ነው፤ ክንፉን እንደ ካባ ደርቦ፣ አንገቱን ሰብሮ ውሃውን ያያል። ጥላው ውሃው ላይ ወድቋል። ዓሦቹ ጥላውን አይተው ከየተደበቁበት ወጡ፤ ተግተልትለው መጡ፤ አፋቸውን ከፈቱ። አባ ኮዳ መሯሯጥ አላስፈለገውም። ልጁ ድንጋይ አንስቶ እየጮኸ ሲደርስ አንድም አልቀረም።

ወደ ኩሬው ተመለሰ። እያለቀሰ ነገራቸው። ሽማግሌው አልተቆጡትም። እጁን ይዘው ወደ ኩሬው ዳር ወሰዱትና ጎንበስ አሉ። ጥላቸው ውሃው ላይ ሲያርፍ መቶ አፍ ተከፈተ።

«አየህ ልጄ» አሉት፤ «እዚህ ጥላ ማለት ምሳ ነው። ወንዝ ውስጥ ጥላ ማለት ሞት ነው። እኔ የማስተምራቸው እዚህ የሚያኖራቸውን ነው። የወንዙን ትምህርት እኔም አላውቀው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያ የምትለቅምበት ብረት አለ?»

«አለ።»

«በእሱ ጀምር።»

ከወንዙ ጋር ከምትገናኝ አንዲት ቀጭን የምንጭ ውሃ ጀመረ። ከዳገቱ ሥር ወጥታ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ብቻ የምትወርድ ነች። ፌስታል አንቋት ነበር። ልጁ ከሥራ መልስ እየሄደ በዚያ ብረቱ ፌስታሉን አንድ በአንድ እየነቀሰ ያወጣል። አንዱ ፌስታል ሌላውን ይዞ፣ ሌላው ጨርቅ ይዞ፣ ጨርቁ ጭቃ ይዞ ይመጣል። አንድ ክንድ ለማጽዳት አንድ ሳምንት የፈጀበት ጊዜ አለ። ዝናብ ሲመጣ ያጸዳው ይሞላና እንደገና ይጀምራል። ሁለት ጓደኞቹ ሲያዩት ከርመው አገዙት። ከላይ የሚኖሩ እናቶች እጣቢ የሚደፉበትን ቦታ አዛወሩለት። ዳር ዳሩን ሸምበቆ ተከሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን በርሜሉ ባዶውን ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ አያትም ማታ ማታ መጠየቃቸውን ትተዋል።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ልጁ ምንጯ ውስጥ አንድ ድንጋይ ገለበጠ። ከድንጋዩ ሥር ጣት የምታክል፣ ቀለሟ ድንጋዩን የመሰለ ነገር ጉሮሮዋን አጣብቃ ነበር። ብርሃን ሲነካት ሽው ብላ ጠፋች።

እሱ ያመጣት አልነበረችም። እሱ ያመጣቸው ሰፋፊዎችና ብርማ ነበሩ። ይህቺ ቀጭን ናት፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ጎርፍ የማይወስዳት የደጋ ጅረት ዓሣ። እላይ ምንጩ አፍ ላይ፣ ማንም ልብ ባላላት አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ዘመዶቿ ተርፈው ኖሯል። ቦታ ስታገኝ ወረደች።

በጋው ከፋ። ምንጯ ቀጥና ቀጥና የተቆራረጡ ኩሬዎች ሆነች። ልጁ ዘጠኝ ዓሣ ቆጠረ፤ በሳምንቱ ውሃው ሊያልቅ ነው። ያን ጊዜ በርሜሉ ትዝ አለው። ከምንጯ ውሃና ድንጋይ አምጥቶ ሞላው፤ ዘጠኙን አገባቸው። አፉን በማዳበሪያ ሸፈነው። ፍርፋሪ አልሰጣቸውም፤ የሚግጡት ዋቅላሚ ያለበትን ድንጋይ በየሁለት ቀኑ እየለወጠ ያስገባላቸዋል። ማንኪያውን ደበቀው። የሰፈር ልጆች ሊያዩ ሲመጡ «ተኝተዋል» እያለ ይመልሳቸዋል። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ምንጯን ሲሞላት ድንጋዮቹንም ዓሦቹንም ወደ ነበሩበት መለሰ።

ከዓመት በኋላ አያቱን በጀርባው አዝሎ አወረዳቸው። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ እጃቸውን ይዞ ወደ ውሃው አቀረበው። አያት ጣታቸውን አጠለቁ። ከጣታቸው ሥር ሽው አለ።

«ሸሹኝ!» አሉ አያት፤ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው እንደ ልጅ ሳቁ። «ሸሹኝ እኮ!»

ተረቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቦታው ግን አለ። ቆሼ ወይም ረጲ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ በሥሩ ካሉት ቤቶች ውስጥ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። ይህን የሚያህል ሐዘን ያለበት ቦታ ላይ ስለ ዓሣ ማውራት ሐዘኑን ማቅለል እንዳይመስልብኝ ፈርቻለሁ። ሆኖም ሰዉንም ውሃውንም የተጫነው ያው ክምር ነው። ከክምሩ የሚጠነፍፈው ጥቁር ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል።

የሽማግሌው ኩሬም ከእውነት የራቀ አይደለም። ከቆሼ በጂማ መንገድ ትንሽ ተጉዞ ሰበታ ላይ ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ የሚባዙት የቆሮሶ ጫጩቶች ለገበሬ ኩሬና ለግድብ ውሃ ይሰራጫሉ። ይህ የተከበረ ሥራ ነው፤ ከገበሬ ኩሬ የሚወጣ ዓሣ የልጅ ራት ነው። ነገር ግን ኩሬን ዓሣ ማልበስና የወንዝን ዓሣ መመለስ ሁለት የተለያየ ሙያ ነው። አንዱ የተሳካለት ሌላውም የሚሳካለት ሲመስለው ነው አባ ኮዳ የሚመጣው።

የልጁ ታሪክ በትልቁ ለንደን ላይ ደርሷል። የቴምዝ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1957 የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊቃውንት ሕይወት የለበትም ያሉት ወንዝ ነበር። ከዚያ የፍሳሽ ማጣሪያዎቹን አሻሻሉ፤ በ1974 አንድ ሳልሞን ተገኘ። በ1979 ጫጩት እያረቡ መጨመር ጀምረው ለአሥርት ዓመታት ቀጠሉበት። በ2011 የታተመ የዘረመል ጥናት ከ2005 እስከ 2008 ከወንዙ የተያዙትን ሳልሞኖች ሲመረምር አብዛኞቹ የእነዚያ የተጨመሩት ልጆች ሆነው አልተገኙም። ከደቡብ እንግሊዝ ወንዞች በራሳቸው የመጡ ነበሩ። ያን ሁሉ ዓመት ከተጨመረው ጫጩት ይልቅ ዓሣ የጠራው የጸዳው ውሃ ነው።

የጥላው ነገርም ተለክቷል። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ በሁድ ወንዝ የስቲልሄድ ትራውትን ቤተሰብ በዘረመል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት፣ ዓሣው በሰው እጅ ባደገበት በእያንዳንዱ ትውልድ በወንዝ ውስጥ የመዋለድ ብቃቱ በ40 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ትውልድ ይህን ካደረገ፣ ሁለትና ሦስት ትውልድ ኩሬ ውስጥ የከረመ ዘር ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው መገመት አይከብድም። በዚያ ላይ ወንዙ ውስጥ የተረፉትን ጥቂቶች አግኝቶ ሲዳቀል ድክመቱን ለእነሱም ያወርሳቸዋል።

እንዲያም ሆኖ በርሜሉን ወርውሩት አልልም። አይዳሆ ውስጥ ሬድፊሽ ወደሚባለው ሐይቅ፣ ስምንት ግድብ አልፎ ከውቅያኖስ የሚመለስ ሶካይ የሚባል ሳልሞን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ከባሕር የተመለሰው አንድ ወንድ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ እሱንና በእነዚያ ዓመታት የተመለሱትን ጥቂቶች ይዘው ዘራቸውን በማራቢያ ጠበቁ፤ በ2014 ከአንድ ሺህ በላይ ተመለሱ። ያ በርሜል ባይኖር ያ ዘር ዛሬ የለም። ግድቦቹ ግን እስከ አሁን አሉ፤ ስለዚህ ዓሣውም እስከ አሁን ከበርሜሉ አልወጣም። ምንጯ እስክትሞላ ነበር የተባለው፤ ምንጯ ካልሞላች ማደሪያው ቤት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ጣና ስለሚያሳስበኝ ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንላቸው 15 የሚሆኑ ዝርያዎች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተበራከተ የዚህ ወገን ዓሣ የነበረበት ሌላው ሐይቅ የፊሊፒንሱ ላናኦ ነበር፤ የእሱ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ከጣናዎቹ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ይሄዳሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው፤ ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል።

በታንኳ ይጠመድ የነበረው ጣና ላይ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። መረቡ ወንዝ አፍ ላይ ሲዘረጋ የሚይዘው ልትወልድ የምትሄደውን ነው። ከመረቡ ያመለጠችው ደግሞ ሽቅብ ስትሄድ ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ የተበተነበት ውሃ ይጠብቃታል። የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ ያደረጉትን ናሙና ሲያነጻጽሩ ዓሦቹ በ75 በመቶ፣ ገና ያልደረሱት ልጆቻቸው ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሰው አገኟቸው። ያ ሁለተኛው ቁጥር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ከልጆቹ 90 በመቶውን ያጣ ቤት በጉዲፈቻ አይሞላም።

ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። አንድ ቀን የነጭ ዓሣ እንቁላል ጨምቀን እናራባ የሚባልበት ጊዜ ቢመጣ፣ ወላጆቹ ከየወንዙ ይወሰዱ፤ የጉማራው ለጉማራ፣ የመገጩ ለመገጭ። አንድ ሁለት ጥንድ ሳይሆን ብዙ ይሁኑ። ጫጩቶቹ የሰው ጥላ ሳይለምዱ፣ ገና ትንንሽ ሳሉ ይለቀቁ። ከዚያ በፊት ግን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወረቀት ላይ የሚያዘው ጥበቃ ወንዝ አፍ ላይ ይታይ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጉማራ አፍ ከመረብ ነፃ ይሁን። ዓሣ አጥማጁም ለእነዚያ አራት ወራት የሚበላው ይታሰብለት፤ ልጆቹን ጾም አሳድሮ ዓሣ እንዲጠብቅልን ልንጠይቀው አንችልም። ከወንዙ ሆድ ጠጠርና አሸዋ እየጫነ የሚወጣው ሲኖትራክ ደግሞ ዓሦቹ ከሚወልዱበት ቦታ ላይ ይነሳ። የሚጫነው ጠጠር አልጋቸው ነው፤ ሐምሌ ላይ ሲመጡ የሚፈልጉት እሱን ነው።